ለሌንስ የመጡት ሽማግሌዎች

ናይሮቢ፣ ኢስትሊ ውስጥ ሠርክን የማያውቅ ሐበሻ ካለ፣ እሱ ትናንት ከሞያሌ የገባ ነው። ክርስትና ሲነሣ፣ ልደት ሲከበር፣ ለወረቀት ጉዳይ ጉርድ ፎቶ ሲያስፈልግ የምትጠራው እሷ ናት። እስከ ቀትር በአክስቷ በወይዘሮ ማንጠግቦሽ ምግብ ቤት ታስተናግዳለች፤ ከቀትር በኋላ ካሜራዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ ጭቃውን እየዘለለች ትዞራለች። ያያት ሁሉ «ይቺ ልጅ መቼ ነው የምታርፈው?» ይላል። አታርፍም። ሥራዋን የምትወድ ልጅ ነበረች፤ እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ ሲያዩት ደስ ይላል።

ዘመኑ 2000 ዓ.ም. ነው። ፋሲካ ሊገባ ሳምንት ሲቀረው፣ እስከዚያ ቀን አግኝታው የማታውቀው ሥራ መጣላት። በሀብታሞቹ ሰፈር በላቪንግተን የሚኖሩ አቶ ታመነ የሚባሉ ነጋዴ፣ ልጃቸውን ምርቃትን ሊድሩ ነውና ሠርክን አስጠሩ። ተክሊሉ ግንቦት ሦስት፣ እሑድ ነው። አቶ ታመነ ካሜራዋን አገላብጠው አዩና ቅር አላቸው። በእኛ ሰው ዘንድ ጎበዝ ፎቶ አንሺ ማለት ረጅም ሌንስ የያዘ ነው፤ ሌንሱ እንደ መድፍ ካልተወደረ ማንም አያምነውም። ሆኖም ሙሽራዋ ምርቃት «እሷ ካላነሳችኝ ፎቶ ይቅርብኝ» ብላ ስለነበር ነገሩ በዚያው ጸና።

ሠርክን የጨነቃት ግን የሌንሱ ማጠር አልነበረም። የቤተ ክርስቲያኑ አስተዳዳሪ በተክሊሉ ሰዓት ፍላሽ እንዳይበራ ከልክለዋል። ወሩ የናይሮቢ ዝናብ የማያባራበት ወር ነው፤ በዚያ ላይ የቤተ ክርስቲያኑ መስኮቶች ትናንሽ ናቸው። ከካሜራዋ ጋር አብሮ የመጣው ዙም ደግሞ ፀሐይ ሲኖር ጥሩ ነው እንጂ፣ ጨለማ ሲሆን የሚያወጣው ምስል ጭጋግ የዋጠው ነው። ይህ ሠርግ ካማረላት ትሪውን አስቀምጣ የራሷን ፎቶ ቤት ልትከፍት ነበር ሐሳቧ። ከተበላሸባት ግን እንኳን ፎቶ ቤት፣ ለክርስትናም የሚጠራት አይኖርም።

ስለዚህ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ አንድ ፎቅ ደረጃ ሥር ወዳለችው የካሜራ መጠገኛ ሱቅ ሄደች። ሱቋ የአባባ ተወልደመድህን ናት። አባባ ተወልደ ኤርትራዊ ናቸው፤ በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ፎቶ ቤት ሲሠሩ ኖረው፣ በደርግ ዘመን በሞያሌ በኩል ወጥተው ናይሮቢ የቀሩ። የሁለቱ አገሮች ጦርነት ከተነሣ ወዲህ፣ ይኸው አሥር ዓመት፣ ወደ እኛ ሰው ምግብ ቤት አይገቡም፤ ወደ ቤተ ክርስቲያናችንም አይመጡም። ከማንም ጋር አልተጣሉም። ሰላም ይባባላሉ፣ ይተላለፋሉ፤ በቃ።

ያን ቀን አባባ ተወልደ አልነበሩም። ዝናቡ ጉልበታቸውን ይዟቸው ቤት ውለዋል። በሱቋ ውስጥ የነበረው ልጃቸው ዮሳን ነው። ናይሮቢ ተወልዶ ያደገ፣ አማርኛውን ከአባቱ ስዋሂሊውን ከሰፈሩ የተማረ፣ ረጋ ያለ ወጣት። ካሜራዋን ተቀብሎ አየ፤ ከካሜራው ይልቅ ግን እሷን ደጋግሞ አየ። ሠርክ ይህን አላስተዋለችም፤ ዓይኗ መደርደሪያው ላይ ነበር።

«ካሜራሽ ምንም አልሆነም» አላት። «ይሄ ዙም ነው ጨለማ የማይችለው። የሚያስፈልግሽ ዙም የሌለው፣ ብርሃን በደንብ የሚያስገባ ሌንስ ነው።»

የአዲሱን ዋጋ ሲነግራት ሳቀች። ምን ታድርግ፤ ሰው አንዳንዴ ማልቀሱ ሲያሳፍረው ይስቃል። ዮሳን መሳቢያውን ስቦ አንዲት አሮጌ የቆዳ ከረጢት አወጣ። ከውስጧ የወጣው ሌንስ ቁመቱ ሁለት ጣት አይሞላም፤ መዳፏ ላይ ሲያኖርላት የሻይ ብርጭቆ ቂጥ የያዘች መሰላት።

«ጉድለቱን ልንገርሽ» አላት። «ዙም የለውም፤ ሰውየውን ማቅረብ ብትፈልጊ በእግርሽ ነው። ፎከሱን በራሱ አያደርግም፤ በእጅሽ ማዞር ነው። ካሜራሽም ብርሃኑን አይለካልሽም፤ እየገመትሽ፣ ስክሪኑን እያየሽ ነው። ደግሞ የተሠራው ለፊልም ካሜራ ስለሆነ ዲጂታል ላይ ሲገጠም ጠበብ አድርጎ ነው የሚያየው።»

«ታዲያ ደግነቱ ምኑ ላይ ነው?»

«ያየውን ግን አይቶታል፤ በጨለማም ቢሆን» አላት።

ሠርክ ኢስትሊ ውስጥ አምስት ዓመት ስትኖር የዕቃውን ጉድለት አስቀድሞ የሚነግር ነጋዴ ገጥሟት አያውቅም። ያኔ ነው ቀና ብላ ያየችው። ትሸጥልኛለህ ወይ ብትለው፣ የአባቱ መሆኑንና እንደማይሸጥ ነገራት፤ እስከ ሠርጉ ግን ትሞክረው፣ ይስማማ አይስማማ ራሷ ትወስን አለ። «ሳዋ?» አላት በስዋሂሊ። «ሳዋ» አለችው፣ ተስማማሁ ስትል። አባቱን አላስፈቀደም። ይህች ናት የዮሳን ጥፋት፤ ከዚህ ሌላ በዚህ ታሪክ ውስጥ ጥፋት የሚባል አላገኘሁበትም።

የመጀመሪያው ቀን ሙከራ መና ቀረ። ሃምሳ ፎቶ አንስታ ሃምሳውም ደበዘዘ። በማግስቱ ተናዳ ሌንሱን ልትመልስ ስትሄድ ዮሳን ምን ላይ እንደተለማመደች ጠየቃት። ግድግዳ ላይ፣ የቆሙ ማታቱ ሚኒባሶች ላይ፣ የሱቅ ሰሌዳ ላይ። ራሱን ነቀነቀ። አባቱ ያስተማሩት ሌላ ነው፤ ፎከስ የሚለመደው በሰው ዓይን ላይ ነው፣ በሽፋሽፍት ላይ፤ ሽፋሽፍቱ ከጠራ ሁሉም ይጠራል። ሠርክ ኢስትሊ ውስጥ ሳይነቃነቅ የሚቀመጥላትን ሰው ከየት እንደምታመጣ ጠየቀችው።

«እኔ አለሁ» አለ ዮሳን፣ በርጩማዋን ወደ በሩ ብርሃን እየሳበ።

እንግዲህ እንዲህ ነው የሆነው። ዙሙ ቢኖር ኖሮ ከደጅ ሆና፣ አዟዙራ፣ አንስታው ትሄድ ነበር። ይህች ትንሽ ሌንስ ግን አታቀርብ፣ አታርቅ፤ ዓይኑን ለማየት ሁለት እርምጃ መግባት ነበረባት። ከዚያ አንድ ደግማ። ከዚያ ትንፋሿን ይዛ ቀለበቱን በቀስታ ማዞር። ዮሳንም አትነቃነቅ ተብሏልና ዓይን ዓይኗን ከማየት ሌላ ምርጫ የለውም። የፋሲካ ማግስት ሳምንቱን በሙሉ፣ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ፣ ሁለቱ እንዲያ ሲተያዩ ከረሙ። በግራ ቅንድቡ ላይ ያለችውን ትንሽ ጠባሳ አወቀቻት። እሷ ትንፋሽ ስትይዝ እሱም እንደሚይዝ አወቀች። እሱ ደግሞ ስትሳሳት የታችኛውን ከንፈሯን እንደምትነክስ፣ ሲሳካላት ግን ፊቷ ብቻ እንደሚቀላ አወቀ።

ዓርብ ዕለት አንዷ ፎቶ ጥርት ብላ ወጣች። ስክሪኑን ሲያዩት ሽፋሽፍቱ አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ በብሌኑ ውስጥ ደግሞ የሱቁ በርና ካሜራ የያዘች ልጅ ትታያለች። ሁለቱም በዚያች ትንሽ መስታወት ላይ አጎንብሰው ቆዩ። 

«ይስማማል» አላት ዮሳን ቀስ ብሎ።

«ገና አልወሰንኩም» አለችው። ወስናለች እኮ! ግን ቶሎ ማመን አልሆነላትም።

ቅዳሜ ዮሳን ሞምባሳ ያለ ሆቴል ካሜራዎቹን እንዲጠግንለት ጠርቶት ሄደ። በዚያው ቀን አባባ ተወልደ ጉልበታቸው ሻል ስላላቸው ሱቅ ገቡ። መሳቢያውን ሲከፍቱ የቆዳዋ ከረጢት ባዶዋን ተኝታለች። ያ ሌንስ ለእሳቸው ዕቃ አልነበረም። ሟች ባለቤታቸውን ኣባዲትን ከጋብቻቸው እስከ መጨረሻው ዓመቷ ያነሷት በእሱ ነው፤ እሷ ካረፈች ወዲህ ማንንም አላነሱበትም። የልጃቸው ስልክ ዝግ ነው። ጎረቤት የስልክ ሽፋን የምትሸጠውን ሶማሊያዊት ቢጠይቋት፣ የማንጠግቦሽ ምግብ ቤት ልጅ ወስዳዋለች፣ ሳምንቱን ሙሉ ከዚህ አልጠፋችም አለቻቸው።

ሽማግሌው ሌሊቱን ሲገላበጡ አደሩ። ሄደው መጠየቅ ፈለጉ፤ ግን አሥር ዓመት ሙሉ ያልረገጡትን ደጅ ብቻቸውን ማንኳኳት ከበዳቸው። ስለዚህ እሑድ ጠዋት ሁለት ወዳጆቻቸውን ይዘው ሄዱ። አንደኛው አቶ ምሩጽ ናቸው፣ ጡረታ የወጡ የአስመራ ሾፌር። ሁለተኛው አቶ ባልቻ፣ ከሁለቱም ወገን ጋር የሚዋደዱት ልብስ ሰፊ፤ እሳቸው ከቅዳሴ መውጣታቸው ነውና ነጠላቸውን እንዳጣፉ ነበሩ። አባባ ተወልደና አቶ ምሩጽ ደግሞ ክብር ላለው ደጅ ብለው ሱፍ ለብሰዋል።

አሁን በወይዘሮ ማንጠግቦሽ ዓይን እንየው። ቀኑ ዳግማይ ትንሣኤ ነው፤ ምግብ ቤቱ ከቤተ ክርስቲያን በተመለሰ ሰው ጢም ብሏል። ሦስት ሽማግሌዎች፣ በሰንበት፣ በማለዳ፣ ሱፍና ነጠላ ለብሰው በሩ ላይ ቆመዋል። ወንበር ቢሰጣቸው «ግድ የለም፣ እንቆማለን» አሉ። አባባ ተወልደ ስለ ጉልበታቸው ነበር፤ አንዴ ከተቀመጡ መነሣቱ ፈተና ነው። ግን ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማለት እንደማይቀመጥ የማያውቅ ማን አለ? ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ የእህታቸው ልጅ ወደዚያች ሱቅ ስትመላለስ፣ ስትመለስም ሳህን ይዛ ለብቻዋ ስትስቅ አይተው ዝም ብለዋል። አባባ ተወልደ ረጅሙን ሰላምታ ጨርሰው «እንግዲህ የመጣነው...» ሲሉ፣ ሴትዮዋ እጃቸውን ከፍ አደረጉ።

«ገብቶኛል አባቶቼ» አሉ፣ ቤቱ ሁሉ እየሰማ። «ልጅቱ የእህቴ አደራ ናት። ዘመድ ላማክር። የዛሬ ሁለት ሳምንት፣ በዚሁ ሰዓት ተመለሱ።»

 ከጓዳ ሳህን ይዛ ብቅ ያለችው ሠርክ ክው ብላ ቀረች።

አባባ ተወልደ ጉዱ ወዲያው ገባቸው። ልጅቱን አዩ፤ ምግቡን ትቶ የሚያያቸውን ሕዝብ አዩ። «የለም እመቤቴ፣ እኛ ልጅ ልንለምን ሳይሆን የካሜራ ዕቃ ልንጠይቅ ነው የመጣነው» ቢሉ ምን ይሆናል? ያች ልጅ ዕድሜዋን ሙሉ በኢስትሊ መሳቂያ ትሆናለች። ሊሉት አልቻሉም። ባርኔጣቸውን አነሱ፣ ዝቅ ብለው እጅ ነሱ፣ «እግዚአብሔር ያክብርልን» ብለው ወጡ። መንገድ ላይ አቶ ምሩጽ ሊናገሩ አፋቸውን ሲከፍቱ «ዝም በል» አሏቸው። አቶ ባልቻ ግን ሳቁን አልቻሉትም፤ ግድግዳ ይዘው ሳቁ።

ዮሳን ሰኞ ሲመለስ አባቱ ሁሉንም ነገሩት። ለሌንስ ሄደው ልጅ ለምነው እንደመጡ፣ ሳያስፈቅድ ማበደሩ እንዳስቀየማቸው፣ ደግሞም ልጅቱ ደማም መሆኗን። በመጨረሻም እንዲህ አሉት፦ «እኔ በዝምታ የገባሁበትን አንተ በእውነት ውጣበት። ልጅቱን እንዳታታልላት።»

ሠርክ ከእሑድ ጀምራ ስትበሽቅና ስትደሰት ሰንብታለች። መጀመሪያ ተናደደች፤ ለእሷ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ሽማግሌ ይልካል? ምን ዓይነት ድፍረት ነው? በሁለተኛው ቀን ግን ንዴቱ እየሟሟ ሄደ። ደፈረ እንጂ፤ ያ ዝምተኛ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ትንፋሹን የሚይዝ ልጅ፣ ደፈረ። ሲመጣ የምትለውን ሁሉ አዘጋጀች። ትንሽ ልትቆጣው፣ ከዚያ ልትስቅ።

ማክሰኞ ወደ ማታ መጣ። ከምግብ ቤቱ ጀርባ፣ የእንጀራ ከረጢት በሚደረደርበት መተላለፊያ ቆሙ። ያዘጋጀችውን ሳትጀምር እሱ ቀደማት።

«እውነቱን ልንገርሽ ሠርክ። አባቴ የመጣው ለሌንሱ ነበር።»

የሠርክ ፊት ላይ የነበረው ብርሃን እንዴት እንደጠፋ ዮሳን አየው። ሳምንት ሙሉ ያን ፊት ሲያይ ከርሟልና ምንም አላመለጠውም።

«ለሌንሱ» አለች።

«አንቺን ላለማሳፈር ዝም አለ። ግን ሠርክ፣ እኔ...»

«ገባኝ። በቃ፤ ጨርሰሃል።» ገብታ ካሜራዋን አመጣች፣ ሌንሱን ፈታች፣ በንጹሕ መሐረብ ጠቅልላ እጁ ላይ አኖረችለት።  «አባትህን ይቅርታ በልልኝ። የሰው ዕቃ መሆኑን አላውቅም ነበር።»

ዮሳን የመጣው «ለሌንሱ ነበር፣ እኔ ግን ላንቺ ነው» ሊላት ነበር። አሁን ቢለው ግን ስህተት ለመሸፈን፣ ከሐዘኔታ የተባለ እንደሚመስላት ገባው። ልጅን እንዲህ ባለ ቁስል ላይ የፍቅር ጥያቄ አይጠይቋትም። መሐረቡን ይዞ ሄደ። ይህን ቂልነት የሚለው ይኖራል፤ እኔ ግን ጨዋነት ነው እላለሁ።

ግንቦት ሦስት ደረሰ። ዝናቡ ከሌሊት ጀምሮ አላቆመም፤ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ከጧፍ በቀር ብርሃን የለም። ምርቃትና ሙሽራው ኤልናታን ካባ ለብሰው ቆመዋል። ሠርክ በዙሙ አሥር፣ ሃያ አነሳች። ሁሉም ጭጋግ ነው። አቶ ታመነ ከፊት ረድፍ ዞር ዞር እያሉ ያይዋታል። ገና አክሊሉ አልተደፋም፤ አክሊሉ ሲደፋ ካመለጣት ሁሉም ነገር አበቃ። 

አንድ ሰው ክንዷን ነካት። ስትዞር አባባ ተወልደ ናቸው። ጫማቸውን አውልቀዋል፤ ነጠላ ለብሰዋል፤ ከትከሻቸው ውሃ ይንጠባጠባል። አሥር ዓመት ሙሉ ያልረገጡት ደጅ ነው። ዙሪያቸውን የቆሙት ሰዎች ዞር ብለው አይተዋቸው፣ ገሚሱ ዝቅ ብሎ እጅ ነሣቸው። ሽማግሌው የቆዳዋን ከረጢት አወጡ።

«ጓለይ» አሏት በትግርኛ፣ ልጄ ሲሉ፤ ከዚያ በአማርኛ ቀጠሉ። «ኣባዲትን ያነሳሁበት ነው። ብዙ ዓመት መሳቢያ ውስጥ ተኝቶ ማንን አነሳ? እንኪ።»

«አባባ፣ አይሆንም...»

«ያን ቀን የመጣሁት ለዕቃ ነበር፤ አልዋሽሽም። አፍሬ ነው ዝም ያልኩት። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን ደስ አለኝ።» በእጃቸው ወደ በሩ አመለከቱ። «ልጁ ውጭ አጥሩ ሥር ቆሟል። ግባ አላልኩትም። እሱን የምትይው አንቺ ነሽ። አሁን ግን ሥራሽን ሥሪ።»

ሠርክ ሌንሱን ስትገጥም ጣቶቿ መንገዱን ያውቁታል። ቀለበቱን ያዘች። ከዚህ ከዓምዱ ሥር ሆና ግን ምንም አይሆንላትም፤ መቅረብ አለባት። ነጠላዋን ሰብስባ፣ በሰው መሐል እየተሽሎከለከች፣ ካህናቱ እስከፈቀዱላት ድረስ ገባች። ሙሽራዋ ከእሷ ሦስት እርምጃ ላይ ናት። ትንፋሿን ያዘች። በሽፋሽፍቱ ላይ። አክሊሉ በምርቃት ራስ ላይ ሲያርፍ አንዲት የእንባ ዘለላ ወረደች፤ ሠርክ እንባዋንም አክሊሉንም ጧፉንም አንድ ላይ አገኘቻቸው። ያን ፎቶ ዛሬም ላቪንግተን አቶ ታመነ ሳሎን ውስጥ፣ ትልቅ ሆኖ ተሰቅሎ ታገኙታላችሁ። ሰውዬው የሌንስ ርዝመት የሚባል ነገር ዳግመኛ አላነሡም።

ሥርዓቱ እንዳበቃ ወጣች። ዮሳን አጥሩ ሥር ቆሞ ሸሚዙ ገላው ላይ ተጣብቋል። ሠርክ ጥላዋን ዘርግታ ሄደች። ሁለት እርምጃ ሲቀራት ቆመች፤ ከዚያ አንድ ጨመረች።

«ለምን ያን ቀን ሳትጨርስ ሄድክ?» አለችው።

«ከሐዘኔታ እንዳይመስልሽ ብዬ።»

«አሁንስ?»

«አሁን ሐዘኔታ የሚያስፈልገኝ እኔ ነኝ፤ ተመልከቺኝ እስኪ።» ሳቀች፤ እሱ ግን አልሳቀም። «ሠርክ፣ እወድሻለሁ። መጀመሪያ ቀን ደጋግሜ ያየሁት ካሜራሽን አልነበረም። አባቴን ሽማግሌ አድርጌ ልላክ? የእውነት?»

ሠርክ እሺ ልትለው ምንም አልቀራትም። ነገር ግን የወይዘሮ ማንጠግቦሽ የእህት ልጅ ናት፤ ወግ ታውቃለች።

«ቀን ተቆርጧል እኮ» አለችው። «የዛሬ ሳምንት፣ በዚሁ ሰዓት። መልሱን ከቀጠሮው በፊት አልሰጥም።» ይህን ብላ ጥላውን ለእሱ ሰጥታ፣ እሷ በዝናቡ ውስጥ እየሮጠች ተመለሰች።

የዚያን ዕለት ማታ ለአክስቷ ሁሉንም ነገረቻቸው። ወይዘሮ ማንጠግቦሽ እስከ መጨረሻው ሰሙና ተነሥተው ሄዱ። ሳምንቱን ሙሉም ምንም አላሉ። ስልክ ይደውላሉ፣ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ደሴ፤ በሩን ዘግተው። ሠርክ ሳህን ስትሰብር ሰነበተች። ዘመድ እሺ ይላል ወይ? ኤርትራዊ ነው ይላሉ፤ ጦርነቱን ያነሳሉ። ፎቶ ቤቱ፣ ሠርጉ፣ ሁሉም ተረስቷት የምታስበው ያን አንድ ነገር ብቻ ሆነ።

ግንቦት አሥር፣ እሑድ ጠዋት፣ ሦስቱ ሽማግሌዎች መጡ። ምግብ ቤቱ ዛሬም ጢም ብሏል፤ ወሬ ሰምቶ ያልመጣ የለም። ሽማግሌዎቹ ቆሙ። ዮሳን በልማዱ መሠረት መምጣት አልነበረበትም፤ መንገዱን ተሻግሮ ከአንድ ማታቱ ኋላ ተደብቆ ያያል፤ ሁሉም ሰው አይቶታል። ሠርክ ከጓዳው በር ካሜራዋን ይዛ ቆማለች።

«እመቤቴ» አሉ አባባ ተወልደ። «ባለፈው ሳልናገር ሄጃለሁ። ዛሬ ልናገር። ልጄ ዮሳን ልጅዎን ይወዳታል። ለትዳር እንለምናለን።»

ወይዘሮ ማንጠግቦሽ እጃቸውን በመቀነታቸው ላይ አደረጉ።

«ባለፈው ለዕቃ እንደመጡ ሰምቻለሁ» አሉ።  «ዘመድም አማክሬአለሁ። ገሚሱ ደስ አለው፣ ገሚሱ ስለ ጦርነቱ አነሳብኝ። እኔ ያን ጦርነት አልጫርኩትም፤ እርስዎም አልጫሩት። ግን አንድ ነገር ነገርኳቸው። እኒህ ሰው የሚስታቸውን መታሰቢያ ሊጠይቁ መጥተው፣ እኔ በችኮላዬ አፋቸውን ብይዛቸው፣ ልጄ በሰው ፊት እንዳታፍር ብለው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። በዚያ ጉልበታቸው። ለእንዲህ ያለ ቤት ልጄን ካልሰጠሁ፣ ለማን ልሰጥ ነው?»

ሦስት ወንበር በገዛ እጃቸው ሳቡ።

«አባቶቼ፣ ተቀመጡ» አሉ።

ቤቱ በእልልታ ተናወጠ። ሦስቱ ሽማግሌዎች ተቀመጡ፤ አባባ ተወልደ ጉልበታቸውን ይዘው በቀስታ፣ እያለቀሱ። ሠርክ ሦስቱንም በአንድ ፎቶ ልታገኛቸው ፈለገች። ያ ሌንስ ጠበብ አድርጎ ስለሚያይ ወደ ኋላ ማፈግፈግ ነበረባት፤ አፈገፈገች፣ አፈገፈገች፣ ጀርባዋ በሩጫ መንገዱን አቋርጦ በገባው ዮሳን ደረት ላይ እስኪያርፍ ድረስ። ዘወር አላለችም። ቀለበቱን አዞረችና አነሳች።

ሁለቱ ዛሬ ኢስትሊ ውስጥ የራሳቸው ፎቶ ቤት አላቸው፤ መስታወቱ ላይ የሚደረደሩት ፎቶዎች ሁሉ ጥርት ያሉ ናቸው። አንዱ ብቻ፣ ከወይዘሮ ማንጠግቦሽ ሒሳብ መቀበያ በላይ የተሰቀለው፣ ሦስት ሽማግሌዎች ተቀምጠው የሚታዩበት፣ ደብዛዛ ነው። የማያውቅ እንግዳ ሁሉ እንዲህ ያለች ጎበዝ ልጅ ይህን እንዴት ሰቀለችው እያለ ይጠይቃል። በእንባ ውስጥ ሆኖ ፎከስ እንደማይደረግ፣ ዛሬም እሑድ እሑድ አክስቷን የምታግዘው ሠርክ ታስረዳዋለች፤ ከዚያ ምን ይታዘዝ ብላ ትጠይቀዋለች።